ከአፍ ለአፍ እስከ ማኅበራዊ መገናኛ፦ የሕክምና አገልግሎት በወላይታ ራሱን ያሳወቀበት መንገድ

ሕክምና ከሌሎች ሙያዎች በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያል። ገበያ የወጣ ሸማች የሚፈልገውን ዕቃ አስቀድሞ ያውቃል፤ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ጥራቱንም በእጁ ዳስሶ ይመረምራል። በሽተኛ ግን ሕመሙን እንጂ መድኃኒቱን አያውቅም። ሕመሙ የሚድን መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ዕድሜውን የሚፈጽም ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪም ዕውቀት፣ መሣሪያና ሕንፃ ቢኖረውም፣ መኖሩ ለሚያስፈልገው ሰው ካልተሰማ ሥራው ከግማሽ አያልፍም።

ከወላይታ ሶዶ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወስደው አቅጣጫ፣ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሃላሌ ትገኛለች። በሃላሌ ዙሪያ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ እግሩ አብጦ ከቤት በዋለ ገበሬና በሶዶ ከተማ ክሊኒክ በከፈተ ሐኪም መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። የመስማት ርቀት አለ፤ የማመን ርቀት አለ፤ የኃፍረት ርቀትም አለ። በዛሬው ጊዜ ይህን ርቀት በማኅበራዊ መገናኛ ለማሳጠር ብዙ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ይጥራሉ። ሙከራው አዲስ ቢመስልም ጥያቄው አሮጌ ነው። የወላይታ ታሪክም ለጥያቄው ከሌላ አገር መዋስ የማያስፈልገው መልስ ይዟል።

የወጌሻው ምስክር

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ከመዝለቁ በፊት የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው፣ የወለቀ መገጣጠሚያ የሚመልሰው ወጌሻ ነበር። ወጌሻው ታፔላ አልነበረውም። ስሙን የሚያስጠራው የዳነው ሰው ነው። ጎረቤቱ እጁ ሲሰበር ያየ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በዚያው እጅ ሲቆፍር ያየ ገበሬ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ወሬው ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከለቅሶ ቤት ወደ ሠርግ ቤት እየተላለፈ የወጌሻውን ስም ያደርሳል።

የዚህ የመገናኛ ዘዴ ኃይሉ ግልጽ ነው። ተናጋሪው ይታወቃል፤ ውጤቱ በዐይን ይታያል፤ ወሬውም ለማንም ገንዘብ አያስወጣም። ጉድለቱ ግን ከኃይሉ ያላነሰ ነው። የዳነው ይመሰክራል፤ የሞተው አይመሰክርም። ቁስሉ አመርቅዞ እግሩን ያጣ ሰው ከቤቱ ስለማይወጣ ታሪኩ ገበያ አይደርስም። ስለዚህ በአፍ የሚተላለፈው ወሬ የስኬት ቁጥርን አብዝቶ፣ የውድቀትን ቁጥር ደብቆ ይጓዛል። ይህ ነጥብ በኋላ ስለሚመጣው ዘመን ሲነገር ተመልሶ የሚነሣ ነው።

ኦቶና

በ1920 ዓ.ም. በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የተመራ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ተጉዞ ወላይታ ደረሰ። በሶዶ አጠገብ በምትገኘው ኦቶናም የሚሲዮኑ ጣቢያና የሕክምና ሥራ ተጀመረ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ሚሲዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ ሥራው ተቋረጠ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ቀጠሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ ወደ መንግሥት እጅ ተዛወረ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ኦቶና የዩኒቨርሲቲው የማስተማሪያና የሪፈራል ሆስፒታል ለመሆን በቅቷል። በዚህ ላይ በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልና በአረካ አካባቢ የሚገኘው የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሲታከሉ፣ ወላይታ በሕክምና ተቋማት ረገድ ከብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች የቀደመ ታሪክ አላት ማለት ይቻላል።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት የኦቶና ማስታወቂያ ከወጌሻው ብዙም አልተለየም። በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ የተመለሰ ሰው የሆስፒታሉ ልሳን ነበር። የተለየው ነገር ሆስፒታሉ መዝገብ መያዙ ነው። የዳነውም የሞተውም በአንድ መዝገብ ሰፈረ። ወሬ የሚደብቀውን ወረቀት አቆየው። ዘመናዊ ሕክምና ለአካባቢው ካመጣቸው ነገሮች መካከል ከመርፌውና ከቢላው ባልተናነሰ ሊቆጠር የሚገባው ይህ የመመዝገብ ልማድ ነው።

የሐኪም ዝምታ

ሐኪም ራሱን ማስተዋወቅ የለበትም የሚለው አስተሳሰብ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1847 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ሐኪም በአደባባይ ማስታወቂያ በሽተኛ መሳቡን ለሙያው ክብር የማይመጥን አድርጎ ኮንኖታል። በጊዜው ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ጋዜጦች ሁሉን በሽታ እናድናለን በሚሉ የመድኃኒት ነጋዴዎች ማስታወቂያ ተሞልተው ስለነበር፣ የተማረው ሐኪም ከእነርሱ የሚለይበት አንዱ ምልክት ዝምታው ነበር። ክልከላው የቆየው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንቡ ውድድርን ያፍናል ሲል ማኅበሩን ከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1982 የኮሚሽኑ ውሳኔ ጸና። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የሐኪም ማስታወቂያ በር ተከፈተ።

በኢትዮጵያም በግል የሚሠራ ሐኪም ታፔላ ስምን፣ ሙያንና የሥራ ሰዓትን ከመናገር ብዙ አያልፍም ነበር። ለሕዝብ ስለ ጤና መናገር የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ቆየ። ሬዲዮው፣ ኋላም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን ስለ ክትባት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ወባ ያስተምሩ ነበር፤ በየትኛው ከተማ የትኛው ሐኪም ምን እንደሚሠራ ግን አይናገሩም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሲያደርግ ለጤና ትምህርትም ትልቅ ፋይዳ ነበረው። ሰው ምክርን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያምነው በእናቱ ቋንቋ ሲሰማው ነውና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ የግል ዘርፉ በሕክምና እንዲሳተፍ ሲያበረታታ ሁኔታው ተለወጠ። ክሊኒኮች፣ መድኃኒት ቤቶችና ላቦራቶሪዎች በየከተማው በዙ። ሶዶም የዚህ ለውጥ ተካፋይ ሆነች። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ክሊኒክ ሲደረደር ታፔላ ብቻውን የማይበቃ ሆነ። የውድድር ዘመን መጣ፤ ከውድድርም ጋር ስምን የማስጠራት ጥያቄ አብሮ መጣ።

ሕሙማን የዘረጉት መረብ

ይሁን እንጂ በወላይታ የሕክምና አገልግሎት በሰፊው የታወቀበት ትልቁ ምሳሌ ከውድድር የመጣ አይደለም። የመጣው በልማድ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ ከሆነው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ከተባለው በሽታ ነው።

በሽታው በትንኝ አይተላለፍም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በዝናባማ ደጋና ወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ውስጥ እየዘለቁ የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳሉ፤ እግሩም ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ከአፈር ጋር ያለውን ግንኙነት አብራርተዋል፤ በሽታውም አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከእርሳቸው ነው። በወላይታ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከነዋሪው ሕዝብ ከመቶ 5.46 የሚሆነው በዚህ በሽታ የተያዘ መሆኑን አሳይቷል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሌላ ምርምር ደግሞ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩን አረጋገጠ፤ በአንድ አፈር ላይ ቆመው ካረሱ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው የማይታመምበት ምክንያት በከፊል ተገለጠ።

ሕክምናው ውድ አይደለም። እግርን በሳሙናና በውሃ አዘውትሮ ማጠብ፣ በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። ቀድሞ ጫማ ያደረገ ሰው በበሽታው ባልተያዘ ነበር። ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ችግሩ ሕሙማኑ ከሰው ዐይን መሸሸጋቸው ነው። በሽታው እርግማን ነው፣ ይጋባል፣ በዘር ይወርዳል እየተባለ ሕሙማኑ ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤትና ከማኅበር ይገለሉ ነበር። ገበያ የማይወጣ ሰው የገበያ ወሬ አይደርሰውም። ሬዲዮ የሌለው የሬዲዮ ትምህርት አይሰማም። ቢሰማ እንኳ፣ በሰው ፊት እግሩን ገልጦ ክሊኒክ ለመቀመጥ ኃፍረት ይይዘዋል።

በ1990 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው በወላይታ ሶዶ የጀመሩት፣ በኋላም የሞሲ ፉት የሕክምናና የመከላከል ማኅበር የሆነው ሥራ ይህን እንቅፋት የተሻገረው በሕሙማኑ በራሳቸው ነው። ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ሠልጥነው የሕክምናው ሠራተኞች ሆኑ። በዞኑ ልዩ ልዩ ስፍራዎች በተቋቋሙ የሕክምና ጣቢያዎች አዲስ የመጣውን በሽተኛ እግር የሚያጥበው ቀድሞ እግሩ ያበጠበት ሰው ነው። ጫማም በእነዚሁ ሰዎች እጅ ይሠራ ጀመር። እንዲህ ያለው ሠራተኛ በሽተኛው በየት እንደተሸሸገ ያውቃል፤ ምን እንደሚያሳፍረው ያውቃል፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲያነጋግረውም የራሱን እግር ማሳየት ይችላል። ማስታወቂያው ቃል ሳይሆን ሰው ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የዘረጋው መረብም በዚሁ አስተሳሰብ የተገነባ ነው። በየቀበሌው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ ከአካባቢው የተመረጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ናቸው። የመገናኛ መሐንዲስ ቢመለከተው ይህ ሙሉ መረብ ነው፤ መላኪያ አለው፣ መቀበያ አለው፣ ከሁሉም በላይ ከተቀባዩ ወደ ላኪው የሚመለስ መልስ አለው።

የስልክ መስኮት

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ተጀመሩ። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት የከተማ፣ ይልቁንም የአዲስ አበባ ሀብት ነበሩ። በየገጠሩ ምሰሶ ከተተከለና ዘመናዊ ስልክ ከረከሰ በኋላ ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ወጣቶች እጅ ገቡ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገሪቱ ሲገኝ የጤና ሚኒስቴር ዕለታዊውን ቁጥር በማኅበራዊ መገናኛ ማሰራጨቱ፣ ስለ ጤና በዚህ መንገድ መነጋገርን የተለመደ ነገር አደረገው። 8335 የተባለው ነጻ የስልክ መስመር ደግሞ ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ሰው ተጓዳኝ ሆኖ አገለገለ። አንዱ መስመር ሌላውን ሳይተካ አብሮት መሥራቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ዛሬ በከተማ ክሊኒክ ያለው ሐኪም በአንድ ገጽ ላይ የሥራ ሰዓቱን፣ አድራሻውንና የስልክ ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ያሰራጫል፤ ከሌላ ከተማ ስፔሻሊስት የሚመጣበትን ቀን ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ከአውራጃ ከተማ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ሐኪሙ የለም ተብሎ ይመለስ የነበረ በሽተኛ አሁን በአንድ መልእክት ድካሙን ያተርፋል። ለዓመታት በአንድ ወረዳ ብቻ የሚታወቅ የቀዶ ሕክምና ባለሙያም በሩቅ ሊታወቅ ይችላል።

ነገር ግን መልእክቱ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ሐኪሙ አይደለም። የመገናኛው ባለቤት የሆነው ኩባንያ የሚያንቀሳቅሰው ስልተ ቀመር ሰውን ብዙ የሚያቆየውን ምስል ያስቀድማል። ሰውን የሚያቆየው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው፤ የሚያስደነግጥ ነው። እግር ስለ ማጠብ የተነገረ ምክር በጥቂቶች ይታያል፤ ያበጠ እግርና የዳነ እግር ጎን ለጎን የተቀመጡበት ፎቶግራፍ በብዙዎች ይታያል። ሐኪሙ ስሙን ሊያሰፋ ሲነሣ ወደ ሁለተኛው እየተገፋ ይሄዳል። እዚህ ላይ የወጌሻው ዘመን ጉድለት ተመልሶ ይመጣል፤ የዳነው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ያልዳነው አይነሣም። ልዩነቱ የወጌሻው በሽተኛ ስለ ራሱ በራሱ አፍ መናገሩ፣ በፎቶግራፉ ግን ሌላው ስለ እርሱ መናገሩ ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ጉዳይ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ ያለበት ሰው የሸሸው የሰውን ዐይን ነው። የእርሱን እግር ለማያውቃቸው አእላፍ ሰዎች ማሳየት የሸሸውን ነገር በእጥፍ መመለስ ነው። ፈቅዷል ቢባል፣ ከሚያክመው ሰው ፊት ተቀምጦ የተጠየቀ ሰው ፈቃድ ምን ያህል ነጻ እንደሆነ ማሰብ ያሻል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በበኩሉ አሳሳች ማስታወቂያንና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ማስተዋወቅን ይከለክላል። ሕጎቹ አሉ። ገጹን የሚያዘጋጀው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ሕጉን ያላነበበ፣ ሐኪሙም ገጹን የማይከታተል ነው። ለታካሚ ምሥጢር ተጠያቂው ግን ሐኪሙ እንጂ ወጣቱ አይደለም።

መስመሩ ሲቋረጥ

በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ብቻ የቆመ ተቋም ሌላም አደጋ አለበት። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቱብ ታግደው ቆይተዋል። በእነዚያ ወራት ቀጠሮውን በቴሌግራም ብቻ የሚሰጥ ክሊኒክ በሽተኞቹን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ካልነበረው ከእነርሱ ጋር ተቆራርጧል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን በእግሯ ትሄድ ነበር። በምህንድስና ዘንድ በአንድ ድጋፍ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ድልድይ አይመሰገንም፤ በአንድ መስመር ብቻ የተንጠለጠለ ሕክምናም እንዲሁ ነው።

ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ወላይታ ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከተማዋ ስታድግ ሐኪሙም፣ ክሊኒኩም፣ ገጹም መብዛቱ አይቀርም። የሚያሠጋው ዕድገቱ ሳይሆን የዕድገቱ አቅጣጫ ነው። ስልክ ያለውን፣ ማንበብ የሚችለውን፣ ከፍሎ የሚታከመውን የከተማ ሰው ብቻ እየሳበ የሚያድግ ሕክምና ቁጥሩ ሲያድግ ተግባሩ ሊያንስ ይችላል። የሃላሌው ገበሬ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ሊታሰብበት የሚገባ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ማኅበራዊ መገናኛን ተዉት የሚል አይደለም። ለየመሣሪያው የሚስማማውን ሥራ ስጡት የሚል ነው። ገጹ የማይለወጠውን እውነት ይናገር፤ የሙያ ፈቃድን፣ አድራሻን፣ ሰዓትን፣ የአገልግሎት ዓይነትንና ዋጋን። ቋንቋው አማርኛ ብቻ ሳይሆን ወላይትኛም ይሁን። ለማያነብ ሰው ድምፅ ይጨመርበት። የታካሚ አካል ምስል ለማስታወቂያ አይዋል፤ በቦታው በሥዕል ወይም በሐኪሙ ቃል ማስረዳት ይቻላል። ከገጹ ጎን የተለመደው ስልክ፣ የጤና ጣቢያው የሪፈራል ወረቀትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይኑሩ። ታክሞ የተሻለው ሰው መናገር ከወደደ ደግሞ በገዛ ቀበሌው፣ በገዛ አፉ ይናገር።

ከሁሉም በላይ ኦቶና የጀመረው የመዝገብ ልማድ ወደዚህም ሥራ ይግባ። እያንዳንዱ አዲስ በሽተኛ ካርድ ሲያወጣ ሁለት ጥያቄ ቢጠየቅ ይበቃል፦ ስለዚህ ቦታ ከማን ሰማህ? ሕመሙ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ? የእነዚህ መልሶች በየወሩ ሲደመሩ የትኛው መንገድ ሰውን ቀድሞ እንደሚያመጣና ለየትኛው ቀበሌ ድምፁ ገና እንዳልደረሰ ያሳያሉ። የተከታይ ብዛትና የምስል ተመልካች ቁጥር ይህን አያሳዩም። ወጪውም አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

በኦቶና መዝገብ የዳነውም የሞተውም ሰፍረዋል። በአዲሱ መዝገብ ደግሞ ሰምቶ የመጣው ከየት እንደመጣ ሲጻፍ፣ አንድም ሰው ያልመጣበት ቀበሌ ባዶ ሆኖ ይታያል። የሐኪሙ ቀጣይ ጉዞ መሆን ያለበት ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው።